የተተኮሰ ቀለሃና ያልተተኮሰ ጥይት

ይህ ዓምድ የብረትና የእጅ ሥራ ጥያቄዎች የሚስተናገዱበት ነው። በወጣትነቴ በሠራዊቱ የመሣሪያ ጥገና ክፍል፣ ከዚያም ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚሁ ጅማ በቶርኖ ቤት ሠርቻለሁ። ስለዚህ ስለ ብየዳና ስለ ማረሻ ከሚጽፉልኝ መካከል አንዳንዶች ወደ አሮጌው ሙያዬ ይመልሱኛል። በዚህ ወር ስለ ጥይት የሚጠይቁ አራት ደብዳቤዎች መጡ። ጉዳዩ ሕይወት የሚነካ በመሆኑ የዓምዱን ቦታ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፤ በመንደራ የምኖር የ22 ዓመት ወጣት ነኝ። አጎቴ አሜሪካ ይኖራል። ለዒላማ ተኩስ የሚጠቀምበትን ጥይት ጋራዡ ውስጥ ራሱ ይሞላል፤ ሲሠራም በቪዲዮ አሳይቶኛል። ሥራው ልቤን ወሰደው። በሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ መሙያውንም ባሩዱንም ይዞልኝ እንዲመጣ ልጠይቀው አስቤያለሁ። አያቴ ፈቃድ ያለው ጠመንጃ አላቸው። እቤት ውስጥ መሥራት እችላለሁ?

መልስ፦ ልጄ፣ ሥራው ልብህን ቢወስደው አይገርመኝም፤ ደግ ሥራ ነው። «አይቻልም» ብዬ ብቻ ብመልስልህ ግን ምክንያቱን ሳታውቅ ትቀራለህ። ስለዚህ አጎትህ ምን እያደረገ እንደሆነ አስቀድሜ ላስረዳህ።

አንድ ጥይት አራት ነገር ነው፤ ቀለሃው፣ ከግርጌው የምትቀመጠው እሳት ሰጪ ካፕሱል፣ ባሩዱና አረሩ። ሲተኮስ አረሩ ይሄዳል፣ ባሩዱ ይነዳል፣ ካፕሱሏም ተቃጥላ እዚያው ትቀራለች፤ ዳግም የሚያገለግለው ቀለሃው ብቻ ነው። ከአራቱ ውዱም እርሱ ነው። ደህና ቀለሃ 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ካለው ናስ ይሠራል። ይህ ናስ በተኩሱ ቅጽበት ተለጥጦ የጠመንጃውን ጉሮሮ ግጥም አድርጎ ይዘጋና ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ ያግደዋል፤ ግፊቱ ሲወርድ ደግሞ በመጠኑ ሰብሰብ ብሎ በቀላሉ ይወጣል። አጎትህ ያንን የወጣውን ቀለሃ አጽድቶ ስንጥቅ እንዳለው ይመረምራል፤ በመጭመቂያና በፎርማ ወደ ልኩ ይመልሰዋል፤ ርዝመቱን ይለካል፤ ከዚያ በኋላ ነው አዲስ ካፕሱል፣ አዲስ ባሩድና አዲስ አረር የሚሰጠው። ቀለሃው በዚህ ዓይነት ደጋግሞ ያገለግላል። በየጊዜው ሲለጠጥና ሲጨመቅ ግን ናሱ እየደረቀ ይሄድና አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል፣ ወይም ከግርጌው በላይ ይሳሳል። ያንን በዓይንና በጣት ለይቶ መጣል የሥራው ግማሽ ነው።

አሜሪካኖቹ ይህን እንደ መዝናኛ ይዘውት ረጅም ጊዜ ሆኗቸዋል። ላይማን የተባለው ድርጅት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1878 ነው። አር ሲ ቢ ኤስ በ1943 በካሊፎርኒያ ተጀመረ፤ ሆርናዲ በ1949 በኔብራስካ ተከተለ። ሪቻርድ ሊ የተባለው ሰው ደግሞ በ1958 በመዶሻ እየመቱ የሚሠሩበት ርካሽ መሙያ አውጥቶ ሥራውን ገንዘብ በሌለው ሰው ቤት አስገባው። በዚያ አገር ሰው ለራሱ ብቻ የሚሞላ ከሆነ የፌዴራል ፈቃድ አይጠየቅም፤ ሞልቶ የሚሸጥ ግን ፈቃድ ማውጣት አለበት። አንዳንዱ ወጪ ለመቀነስ ይሠራዋል፤ አንዳንዱ ለጠመንጃው የሚስማማውን ልክ ፈልጎ አንድ ቀዳዳ ላይ ደጋግሞ ለመምታት። ፋብሪካ ማምረት ላቆመለት አሮጌ ጠመንጃ ጥይት የሚያዘጋጅም አለ።

አሁን ቪዲዮው የማያሳይህን ልንገርህ። ባሩዱ የሚመዘነው በግሬይን ነው፤ በአንድ ግራም ውስጥ ከ15 የሚበልጥ ግሬይን አለ። አጎትህ ሚዛኑን የሚያነበው እስከ ግሬይኑ አንድ አሥረኛ ነው፤ ይህም 6.5 ሚሊግራም ያህል ማለት ነው። እንዲህ የሚጠነቀቅበት ምክንያት ግፊቱ ነው። ጠዋት ማኪያቶህን የሚቀዳልህ ማሽን ቡናውን የሚገፋው በ9 ባር ገደማ ነው፤ ማሽኑ ሲፋጭ ስትሰማ ኃይሉን ታውቀዋለህ። በክላሽንኮቭ ጥይት ውስጥ ያለው ግፊት ወደ 3,500 ባር ይጠጋል። ያ ሁሉ የሚሆነው ከተኳሹ ጉንጭ ጥቂት ጣት ርቀት ላይ ነው።

ባሩድም አንድ ዓይነት አይደለም። ቶሎ የሚነድ አለ፣ ቀስ ብሎ የሚነድ አለ፤ ሁለቱ ዓይን ላይ ሲታዩ ተመሳሳይ ጥቁር ፍሬ ሊመስሉ ይችላሉ። ለሽጉጥ የተሠራውን ፈጣን ባሩድ በጠመንጃ ልክ የሞላ ሰው ጠመንጃውን እጁ ላይ ያፈነዳዋል። ስለዚህ ደህና ሠራተኛ ጠረጴዛው ላይ ከአንድ በላይ የባሩድ ዕቃ አያስቀምጥም፤ አምራቹ ባሳተመው የልክ መጽሐፍ ከዝቅተኛው ይጀምራል፤ ከካፕሱል፣ ከቀለሃ፣ ከአረር አንዱን እንኳ ቢለውጥ እንደገና ወደ ዝቅተኛው ይመለሳል። የባሩዱ አቀማመጥም ወግ አለው። በአሜሪካ የእሳት መከላከያ ደንብ እቤት ውስጥ እስከ 20 ፓውንድ፣ ማለትም 9 ኪሎ ገደማ፣ በራሱ ዕቃ እንደታሸገ ይፈቀዳል፤ ከዚያ ሲያልፍ የአንድ ኢንች ውፍረት ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ መሆን አለበት። ብረት ሣጥን ያልተባለበት ምክንያት ግልጽ ነው። ባሩድ በልቅ ቦታ ሲነድ ይንቦገቦጋል፤ በብረት ሲታፈን ግን ቦምብ ይሆናል። ከካፕሱሉ የሚወጣው የእርሳስ ብናኝም አለ። በአንድ ክፍል ከሕፃናት ጋር ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው፤ እርሳስ የልጅን አእምሮ ይጎዳል።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያና ጥይት ማምረትን፣ ወደ አገር ማስገባትንና መነገድን ይከለክላል። የአያትህ ፈቃድ ጠመንጃውን ይዞ ለመኖር የተሰጠ ነው፤ ጥይት ለመሥራት የተሰጠ አይደለም፤ ለአንተም አይተላለፍም። ባሩድና ካፕሱል በመንገደኛ አውሮፕላን በእጅም ሆነ በሻንጣ መያዝ የተከለከለ ነው፤ ስለዚህ አጎትህን እንዲህ ያለ ነገር ብትጠይቀው ገና ከመነሻው ችግር ላይ ትጥለዋለህ። እባክህ አትጠይቀው።

ደግሞ የአያትህ ጠመንጃ ምን ዓይነት እንደሆነ አልጻፍክልኝም። ክላሽንኮቭ ከሆነ አብዛኛው ጥይቱ ቀለሃው ብረት ነው፤ ማግኔት ብታስጠጋበት ይይዘዋል። እንዲህ ያለው ቀለሃ እንደ ናስ አይለጠጥም፤ የካፕሱሉም አቀማመጥ ቤርዳን የሚባለው ነው፤ ግርጌው ላይ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉት። አጎትህ የሚጠቀምበት ቦክሰር የሚባለው አንድ ቀዳዳ መሃል ላይ ያለው ስለሆነ አሮጌዋን ካፕሱል በአንድ ግፊት ያስወጣታል። አየህ፣ ሕጉን ብንተወው እንኳ የአጎትህ ዕቃ የአያትህን ቀለሃ አይሠራም።

አጎትህን የምትጠይቀው ሌላ ነገር አለ። አንድ ጥሩ ቨርኒየርና እስከ 0.01 ሚሊሜትር የሚያነብ ማይክሮሜትር ያምጣልህ። አንተን የማረከህ፣ ከደብዳቤህ እንደተረዳሁት፣ ናሱ በፎርማ ገብቶ ልኩን ይዞ ሲወጣ ማየቱ ነው እንጂ ተኩሱ አይደለም፤ አንተ ራስህ መተኮስ እንደምትፈልግ አንዲት ቃል አልጻፍክም። ይህ ፍቅር የቶርኖ ሰው ፍቅር ነው። በከተማችን የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የማሽን ሥራ ትምህርት ጠይቅ። የቡና መፈልፈያ ዘንግንና ዘንጉ የሚዞርበትን ቡሽ በልኩ የሚያወጣ እጅ በጅማ ዙሪያ ሁልጊዜ ይፈለጋል፤ በመከር ወቅት አንድ ዘንግ ሲሰበር ባለ ማሽኑ የሚሆነውን እኔ አይቻለሁ። ማይክሮሜትሩን ይዘህ ብትመጣ እኔው ራሴ አነባበቡን አሳይሃለሁ።

ጥያቄ፦ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አያቴ «በድሮ ጊዜ ጥይት እንደ ሳንቲም ይመነዘር ነበር፤ የተተኮሰውንም ሰው ራሱ ይሞላው ነበር» ይላሉ። ጓደኞቼ ግን ተረት ነው አሉኝ። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ አያትህ እውነታቸውን ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአገራችን ብዙ ገበያዎች ትልቁ ገንዘብ የማሪያ ቴሬዛ ብር ነበር። አንድ ብር ለትንሽ ዕቃ ስለሚበዛ ዝርዝሩ በአሞሌ ጨው ይሰጥ ነበር፤ በዚህ በጊቤ አካባቢም እንዲሁ። ከአሞሌው ጎን ደግሞ የውጅግራ ጥይት ገባ። ውጅግራ ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ያወጡት የ11 ሚሊሜትር ጠመንጃ ነው፤ በብዛት ወደ አገራችን ስለገባ ጥይቱን የማያውቅ ሰው አልነበረም። መጠኑ እኩል፣ ለመያዝ የሚመች፣ ዝናብ እንደ አሞሌ የማያቀልጠው ነገር ነበር። ለገንዘብነት የሚያስፈልገውን ሁሉ አሟልቷል ማለት ነው።

የመሙላቱ ጉዳይ ለእኔ ይበልጥ ልብ የሚነካ ነው። ጥይት ከባሕር ማዶ በግመልና በበቅሎ የሚመጣ ውድ ዕቃ ስለነበር ሰው የተኮሰበትን ቀለሃ አይጥልም፤ ለቅሞ በአገር ውስጥ በተቀመመ ባሩድና በቀለጠ እርሳስ ይሞላዋል። ያ እንዲሆን ያስቻለው የባሩዱ ዓይነት ነው። የውጅግራ ጥይት የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው። ጥቁር ባሩድ ብዙ ጭስ አለው፣ ቱቦውን ያቆሽሻል፣ ኃይሉም ዝቅ ያለ ነው፤ ቀለሃውም የሚሠራው በዚያው ባሩድ እንዲሞላ ተደርጎ ነበር። ስለዚህ ጢም ብሎ ቢሞላ እንኳ ከተሠራበት ልክ ብዙም አያልፍም። የቀለሃው ሆድ ራሱ መስፈሪያ ሆነላቸው።

ይህ ሁሉ የተለወጠው ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ በ1884 እ.ኤ.አ. ጭስ አልባ ባሩድ ሲፈለስፍ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ፈረንሳዮች በዚያው ባሩድ የሚሠራ የ8 ሚሊሜትር ጠመንጃ አወጡ፤ ሌሎቹም መንግሥታት ተከተሉ። አዲሱ ባሩድ በትንሽ መጠን ብዙ ኃይል ይሰጣል፤ በአንዳንድ ጥይት የቀለሃውን ግማሽ እንኳ አይሞላም። በዚህ ምክንያት አንድ ሰው ባለማወቅ ሁለት ጊዜ ቢጨምር ከላይ ላያስታውቅ ይችላል። የመንደራው ወጣት «አያቶቻችን ይሠሩት የነበረውን እኔ ምን ይከለክለኛል» ቢል መልሱ እዚህ ላይ ነው። አያቶቻችን የሠሩት በሌላ ባሩድ ነው። ዛሬ አገራችን ጥይት የምታመርተው በፋብሪካ ነው፤ በአምቦ አቅራቢያ ያለው ሆሚቾ ለዚህ የተቋቋመ ነው።

ለጓደኞችህ ንገራቸው፤ አያትህንም ገና በሕይወት ሳሉ ቁጭ ብለህ ጠይቃቸው፤ ባሩዱን ማን ይቀምመው እንደነበርና ስንት ጥይት ስንት አሞሌ እንደሚያወጣ ጻፍ። እንዲህ ያለ ነገር በመጽሐፍ ብዙ አይገኝም።

ጥያቄ፦ ከአጋሮ ነው የምጽፍልዎ። አባቴ ዓምና ዐረፉ። ቤቱን ስናጸዳ ከከብቶቹ ማደሪያ በላይ ካለው ቆጥ የቆዳ ዝናርና በጨርቅ የተጠቀለሉ ጥይቶች አገኘን። ስድስት ስድስት ሆነው በብረት ማቀፊያ የተያዙ፣ ቀጫጭን፣ ጫፋቸው ድቡልቡል ነው። አንዳንዶቹ አረንጓዴ አብቅለዋል፤ አንገታቸው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያላቸውም አሉ። አንድ ሰው «ባሩዱን አውጥቼ እሞላበታለሁ፣ ልግዛችሁ» ብሎናል። ወንድሜ ደግሞ ሽንት ቤት ጉድጓድ እንጣለው ይላል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ አላህ አባትሽን ይማርልሽ፣ ለእናንተም መጽናናቱን ይስጣችሁ። ለዚያ ሰው አትሽጡለት፤ ጉድጓድም ውስጥ አትጣሉት። ሁለቱም ወንድምሽንና አንቺን ሊጎዳ ይችላል።

ከገለጽሽልኝ የጣሊያን ጥይት ይመስለኛል። ጣሊያኖች ከ1891 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የያዙት ካርካኖ የሚባለው ጠመንጃ 6.5 ሚሊሜትር ጥይት ይጎርሳል፤ ጥይቱ ጫፉ ድቡልቡል ነው፣ የሚገባውም በስድስት ፍሬ ማቀፊያ ነው። ጅማን ጣሊያን ለቅቆ የወጣው በሰኔ 1933 ዓ.ም. ስለሆነ በዚህ አካባቢ በየቤቱ ቆጥ እንዲህ ያለ ነገር ቢገኝ እንግዳ አይደለም። በእኔ ግምት የሰማንያ ዓመት ዕድሜ ይኖረዋል፤ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል።

ስለ ስንጥቁ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍልሽ፤ ከከብቶቹ ማደሪያ በላይ ማለትሽ ነገሩን ግልጽ አድርጎልኛልና። እንግሊዞች ህንድን በያዙበት ዘመን የጥይታቸው አንገት በዝናብ ወራት ሳይተኮስ በራሱ እየተሰነጠቀ ያስቸግራቸው ነበር። የተቀመጠው በፈረስ ጋጣ አጠገብ ነበር። በመጨረሻ በ1921 እ.ኤ.አ. ምክንያቱ ተረጋገጠ፤ ከፈረሶቹ ሽንት የሚነሳው አሞኒያ ከእርጥበቱ ጋር ሆኖ፣ ሲሠራ ተጨምቆ ውጥረት የቀረበትን ናስ ይሰነጥቀዋል። የአጋሮ ክረምትና የከብቶች ሽንት እናንተ ቤት ያንኑ ሠርተዋል ብዬ አስባለሁ። በስንጥቁ እርጥበት ገብቷል፤ ባሩዱ ውስጥ መበላሸትን የሚከላከለው ቅመምም ሙቀትና ዕድሜ ሲበዛ ያልቃል። ያኔ ባሩዱ አሲድ ያወጣል፣ የሚኮመጥጥ ሽታም ይኖረዋል። ካፕሱሉ ደግሞ ባሩዱ ቢበላሽም ሕያው ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ይህን ጥይት በጉጠት ይዞ አረሩን ለመንቀል የሚታገል ሰው በዓይኑና በጣቱ እየተጫወተ ነው። ያ ገዢ ምናልባት ድህነት አስገድዶት ይሆናል፤ ቢሆንም ከእናንተ ወስዶ የሚሞላው ጥይት ሰውን ይጎዳል፣ በአዋጁም ያስጠይቃል።

እሳት ውስጥ መጣልን ማንም እንዳያስበው። ከጠመንጃ ውጭ የነደደ ጥይት አረሩ እንደ ተኩስ ሩቅ አይሄድም፤ የሚፈነዳው ቀለሃ ግን ስባሪው ዓይን ያጠፋል። ጉድጓድና ወንዝም መፍትሔ አይደለም፤ ነገ ጉድጓድ የሚቆፍረው ሰው ልጅ ነው።

እንዲህ አድርጊ፤ ያሉበት ቦታ እንዳሉ ተዋቸው፤ ልጆችን አርቂ፤ በባጃጅ ወይም በታክሲ ጭናችሁ እንዳትሄዱ። ወንድምሽ ከቀበሌው አስተዳደር አንድ ሰው ይዞ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይሂድና «ከአባታችን ቤት አግኝተናል፣ መጥታችሁ ውሰዱ» ብሎ በጽሑፍ ያስመዝግብ። የማስረከቢያ ወረቀት ጠይቁ። ዝናሩን ግን ከጥይቱ ባዶ ከሆነ በኋላ እንዲያስቀሩላችሁ በትሕትና ለምኗቸው። ቆዳው የአባታችሁ ነው። በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፣ ቅቤም ዘይትም ሳታበዙ ጥላ ውስጥ አድርቁት፤ ከጭስና ከከብት ማደሪያ አርቃችሁ ስቀሉት።

ጥያቄ፦ በፈረንጅ አራዳ ትንሽ የጌጣጌጥ ሥራ ጀምሬያለሁ። በአዲስ አበባ እንጦጦ አካባቢ ሴቶች ከጥይት ቀለሃ ዶቃ ሲሠሩ አይቻለሁ። እኔም የተተኮሰ ቀለሃ ከቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ እየገዛሁ እቤት በከሰል ማቅለጥ ጀመርኩ። ማታ ማታ ብርድ ብርድ ይለኛል፤ ወባ ነው ብለው ምርመራ አዘዙልኝ፣ አልተገኘም። ከሥራው ይሆን?

መልስ፦ በጣም ሊሆን ይችላል፤ ዛሬውኑ ሥራውን አቁሚና መልሴን ይዘሽ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ። የቀለሃ ናስ የሚቀልጠው ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። ዚንክ ደግሞ በ907 ዲግሪ ይፈላል። ስለዚህ ናሱ በሚቀልጥበት ሙቀት ዚንኩ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ በከሰሉ ዙሪያና በጣሪያሽ ላይ ነጭ ዱቄት ካየሽ እርሱ ነው። ያንን ጭስ የተነፈሰ ሰው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የአጥንት ቁርጥማት ይይዘዋል፤ አፉ ውስጥም የብረት ጣዕም ይሰማዋል። ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃል፤ እንደገና ሲያቀልጥ ይመለሳል። የብረት ጭስ ትኩሳት ይባላል። በእኛ አካባቢ ብርድ ብርድ ያለው ሁሉ ወባ ስለሚባል ሳይታወቅ ያልፋል። የወባ መድኃኒት አያድነውም።

ሥራውን ለመቀጠል ከፈለግሽ ማቅለጡን በደጅ፣ ነፋሱን ከጀርባሽ አድርገሽ፣ ከጎረቤት ልጆች ርቀሽ ሥሪ፤ ፍሙ ላይም አታቆዪው። የጨርቅ ማስክ ይህን ጭስ አይከለክልም። ከሁሉ በፊት እያንዳንዱን ቀለሃ ግርጌውን እያየሽ ለዪ፤ ካፕሱሏ መሃሏ ላይ የመምቻ ጠባሳ ከሌላት ያልተተኮሰ ሊሆን ይችላልና አታስገቢው፤ ለነጋዴውም አትመልሺለት፤ እንደ አጋሮዋ እህቴ ለፖሊስ አሳውቂ። ብረት የሆነውን በማግኔት አውጪው። ቀለሃው ውስጥ የቀረው ጥላሸት እርሳስ አለበት፤ አትንፊው፣ በውኃ እጠቢው፣ ያጠብሽበትንም ሳፋ ለምግብ አትጠቀሚበት። ለሐኪሙም «ናስ አቀልጣለሁ፣ ቀለሃው እርሳስ ነክቶታል» ብለሽ በግልጽ ንገሪው፤ ካልነገርሽው ሊገምተው አይችልም። የደም እርሳስ ምርመራ ማግኘት የሚቻልበትን ቦታ እርሱ ይጠቁምሻል።